የጥድ አረቄ

አክስቴ ከአዲስ አበባ ሲልቨር ስፕሪንግ በገቡ በሦስተኛው ቀን የወጥ ቤቴን ቁም ሣጥን ከፈቱና ድንገት ጸጥ አሉ። እሳቸው ሲናገሩ ለምጄዋለሁ፤ የሚያስፈራኝ ጸጥ ሲሉ ነው። ሮጥ ብዬ ስደርስ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አንድ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ላይ አፍጥጠዋል። ውስጡ አረንጓዴ ይሁን ቡናማ ያልለየለት ፈሳሽ አለ፤ ፈሳሹ ውስጥ ደግሞ የተጨማደደ ነገር ተጋድሟል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጂን ነው፣ እቴቴ።»

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «በስመ አብ ወወልድ! ጠርሙስ ውስጥ ከተህ ነው የምታኖረው?»

በእኛ ቋንቋ መጠጡን ከአጋንንቱ የምትለየው አንዲት «ኢ» ናት። እሷም ብትሆን በአክስቴ ጆሮ ስትገባ አትታወቅም፤ የአክስቴ ጆሮ ከተባለው ይልቅ የሚፈሩትን ነው የሚሰማው።

«ጂኒ አይደለም፣ ጂን ነው። መጠጥ ነው። አረቄ በሉት።»

«አረቄ ነጭ ነው፤ እኔ አረቄ አውቃለሁ» አሉ ሳይጠጉ። «ይሄን ምን ነክቶት ነው?»

ምን እንደነካው ለማስረዳት ከሙቀቱ መጀመር ነበረብኝ። ለእኔ ሐምሌ ማለት ጭቃ፣ ጃንጥላና ከሰል ላይ የሚንጣጣ በቆሎ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ግን ሐምሌ ሲገባ ሰውን ድስት ውስጥ ከድነው ይቀቅላሉ። ከቤት ሸሚዙን ለብሰህ ትወጣለህ፤ መኪናው ጋ ስትደርስ ሸሚዙ አንተን ለብሶሃል። ልጆቻችን «ሰመር» ሲሉ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው ብለን «ክረምት» እያልን እንተረጉማለን፤ በዚህ ትርጉም የተነሳ አክስቴ «ክረምት ነው ብላችሁኝ» ብለው ሁለት ጋቢና አንድ የሱፍ ካፖርት ይዘው ከአውሮፕላን ወረዱ። ከበሩ ውጭ ያለው አየር ፊታቸውን ሲመታው «ይሄ ምን ዓይነት ክረምት ነው?» ያሉትን እስከ ዛሬ አልመለስኩላቸውም።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት በዚሁ ሙቀት ጎረቤቴ ጓሮው ጠራኝ። ዋሽንግተን ተወልዶ ያደገ ጡረተኛ ነው። ረጅም ብርጭቆ በበረዶ ሞላ፤ ጂን ቀዳበት፤ ግማሽ ሎሚ ጨመቀና ልጣጩን ራሱን እዚያው ጣለው፤ የቀረውን በሶዳ ውሃ ሞላ። ስኳር የለ፣ ማር የለ። «ሪኪ ይባላል፤ የከተማችን መጠጥ ነው» አለኝና ታሪኩን የአገር ሽማግሌ ዘር ሲቆጥር እንደሚያወርደው አወረደልኝ።

ጆ ሪኪ የሚባል ከሚዙሪ የመጣ ሰው ነበር፤ ሰዉ ኮሎኔል ይለዋል። እንጀራው የምክር ቤት ሰዎችን ማግባባት ነው፤ በእኛ አነጋገር ጉዳይ አስፈጻሚ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሹሜከርስ በሚባል መጠጥ ቤት ውስኪውን በሎሚና በሶዳ ውሃ እያስቀዳ መጠጣት ለመደ። ቆየት ብሎ ውስኪው ወጥቶ ጂን ገባ፤ መጠጡ ስም ያወጣውም ያኔ ነው። ሰውየው ያን ሁሉ የፖለቲካ ጉዳይ አስፈጽሞ ሲያበቃ በአንድ ብርጭቆ መጠጥ ብቻ መታወሱ አሳዝኖት ነበር ይባላል። በ2011 ደግሞ የከተማዋ ምክር ቤት ሪኪን የዋሽንግተን መጠጥ ብሎ አወጀ፤ የጁላይንም ወር የሪኪ ወር አደረገው። ጉዳይ አስፈጻሚ ማለት እንዲህ ነው፤ ሞቶም አዋጅ ያስወጣል።

በሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ጎረቤቴ አንዲት ዘለላ ቅጠል ሰካበት። አሸተትኩት። «ይሄማ የጥብስ ቅጠል ነው!» ብዬ ጮህኩ። እሱ «ሮዝመሪ» ይለዋል። ሥጋ ላይ እንጂ ብርጭቆ ውስጥ አይቼው አላውቅም። እዚያው በሞቅታ «በሚመጣው ዓመት እኔ በአገሬ ቅጠል ዘፍዝፌ አመጣልሃለሁ» አልኩት። ሁለት ሪኪ የጠጣ ሰው ቃል ሲገባ ዝም ብላችሁ ስሙት፤ አትመዝግቡት። ጎረቤቴ ግን መዘገበው።

ዓመቱ ደረሰ። በረንዳዬ ላይ፣ እንደ ማንኛውም የዚህ አገር ሐበሻ፣ መሬት ባይኖረኝም እርሻ አለኝ። በአንዱ ሳጥን ጤና አዳም፣ በአንዱ በሶብላ፣ በአንዱ የጥብስ ቅጠል፤ ጠጅ ሳሩ ደግሞ አድጎ አድጎ የጎረቤት መስኮት ይጋርዳል። ሰባት መቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር ጂን ገዛሁና ከሁሉም እየቆረጥኩ፣ ከሱቅ የገዛሁትን ደረቅ ጦስኝ ጨምሬ፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን እስኪመስል ድረስ አንድ ዕቃ ውስጥ ከተትኳቸው። በማግስቱ አክስቴ ገቡ። ዶሮው ተሠራ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፣ ቡናው ሲፈላ ዋለ። የዘፈዘፍኩትን ያስታወስኩት አክስቴ ጸጥ ሲሉ ነው። አራት ቀን ሆኖታል።

«እስቲ ቅዳልኝ» አሉ በመጨረሻ፤ ፈጥነውም «መጀመሪያ አንተ ቅመስ» አሉ። ቤታችን ጠላ የሚቀዳ ሰው ቀድሞ ቀምሶ ነው የሚያቀርበው፤ ደንቡን አሜሪካ አልሻረውም። ቀመስኩ። ከዚያ በኋላ ፊቴ ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ አክስቴ ግን ብርጭቆውን ሳይነኩት ፈረዱ።

«ኮሶ ነው።»

ልጃቸውን ኮሶ ያጠጡ ሴት ሲፈርዱ ይግባኝ የለም። ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ስደፋው፣ ለጥፋቴ መሸፈኛ ይሆነኝ ብዬ ጂን ምን እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። ጂን ስሙን ያገኘው ደች «ጄኔቨር» ከሚለው ነው፤ ጥድ ማለት ነው። ከእህል የወጣ ንጹሕ አልኮል በጥድ ፍሬ ሲሸት ጂን ይባላል። የእነሱ ጥድ ቁጥቋጦ ነው፤ ከእኛ ትልቁ ጥድ ጋር ግን የአጎት ልጆች ናቸው።

«የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ?» አሉ አክስቴ። ገጻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። «እሱንማ ቀድመህ አትነግረኝም? ጂኒ እያልክ ከምታስደነግጠኝ የጥድ አረቄ አትልም?»

ስሙ እዚያው ወጣለት። ከጥዱ ጋር ድንብላል፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንዳንዴም ሄልና ቀረፋ እንደሚገባበት ስነግራቸው «ታዲያ የቀረው በርበሬው ነዋ» አሉ። እዚህ አገር ጂን ለመባል ቢያንስ 40 በመቶ አልኮል ሊኖረው ሕግ ያስገድዳል ስላቸው «ዳግሙ ነው እንግዲህ» ብለው ከደብረ ብርሃኑ ጎን መደቡት።

የለንደኑን ታሪክ ግን ከእኔ በላይ ገባቸው። በ1700ዎቹ የለንደን ድኻ በርካሽ ጂን ሰከረ፤ ሠዓሊው ዊሊያም ሆጋርት በ1751 በሠራው ሥዕል ላይ አንዲት የሰከረች እናት ሕፃኗ ከእጇ ሲወድቅ እንኳ አላየችም። መንግሥት በ1736 ችርቻሮ ሻጩ በዓመት 50 ፓውንድ የፈቃድ እንዲከፍል አዞ ነበር። አክስቴ እዚህ ላይ አቋረጡኝ።

«ማንም አልከፈለም።»

«እንዴት አወቁ?»

«ሴቶቹ በጓሮ ሸጡት። ሌላ ምን ያደርጋሉ?»

እውነታቸውን ነው። ፈቃድ ያወጣው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ሕጉም በ1743 ተሻረ። አክስቴ ስለ እንግሊዝ ምክር ቤት አንድም ነገር አላነበቡም፤ አረቄ እያወጡ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ጎረቤቶች ግን ነበሯቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እናትህ ቅቤ ስታነጥር አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ምን አየህ?»

ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ እርድ ብዬ ቆጠርኩ።

«የሚገባውን ነው ያየኸው» አሉ። «የሚወጣውን አላየህም። ቅቤ የሚያነጥር ሰው ዓይኑ ማጥለያው ላይ ነው። ኮሰረቱ የሚሰጠውን ከሰጠ በኋላ አንድ ደቂቃ ከቆየ የሰጠውን ያበላሸዋል። አንተ መክተት ብቻ ነው የምታውቅ።»

ይህን ነገር እኔ ከመጽሐፍ በብዙ ድካም ያገኘሁት ነው፤ አክስቴ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። የቅጠል ሽታ ያለው በዘይቱ ውስጥ ነው። ዘይቱ በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በቅቤና በብርቱ አልኮል ግን ወዲያው ይለቃል። ቀድሞ የሚወጣው ሽታው ነው። ቅጠሉ ሲቆይ ምሬቱና ሣር ሣር ማለቱ ተከትሎ ይመጣል፤ አረንጓዴውም ይጠቁራል። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት ነው ይባል የለ? በሶብላ ይህን መንገድ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ሁለተኛውን ጠርሙስ አክስቴ ወንበር ስበው ተቀምጠው አዘዙኝ። አሁን ቅጠሎቹ አንድ ላይ አይገቡም፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ዕቃ፣ የራሱ ሰዓት። በሶብላ ለስላሳ ስለሆነ ሦስት ሰዓት ያህል በቂው ነው። የጥብስ ቅጠል እንጨትነት አለው፣ አንድ አዳር ይችላል። ጠጅ ሳር ታጋሽ ነው፤ ነጩን ግንዱን ቀጥቅጠህ ብትከተው ሁለት ቀን ቢቀመጥ አያስቀይምም። ናና ጨርሶ አይዘፈዘፍም፤ ልታቀርብ ስትል መዳፍህ ላይ አድርገህ አንድ ጊዜ ታጨበጭብበታለህና ብርጭቆው ላይ ታኖረዋለህ። ብትደቁሰው ይመራል፤ ብታጨበጭብለት ይሸታል። (ከናና በቀር በጭብጨባ ብቻ የሚሠራ የማውቀው ስብሰባ ነው፤ እሱ ግን አይሸትም።)

ወደ ጤና አዳሙ ስደርስ እጄን ያዙኝ። «ስንት ልትከት ነው?»

«እፍኝ።»

«እፍኝ! ቡና ላይ ስንት ታደርጋለህ?»

«አንዲት ቀንበጥ።»

«ሲኒው ውስጥ ስንት ጊዜ ትቆያለች?»

«ቡናውን እስክጠጣ።»

«እንግዲያማ!» አሉ። አንዲት ቀንበጥ፣ አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ሲኒ ቡና ተጠጥቶ እስኪያልቅ። ይህ ነው መለኪያው። ደግሞም «ከተጋባዦቹ መካከል እርጉዝ ካለች ጤና አዳም ያለበትን ነገር እንዳታስጠጋት» ብለው አስጠነቀቁኝ፤ ጤና አዳም ለእርጉዝ እንደማይሆን የድሮ ሰው ጠንቅቆ ያውቃል።

ለጎረቤቴ የገባሁትን ቃል የምፈጽምበት የግብዣው ቀን ደረሰ። ማታውን «በ4 ሰዓት ነው» ብያቸው ተኛሁ። ጠዋት በአሜሪካው 10 ሰዓት ላይ ከክፍሌ ስወጣ አክስቴ የአገር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አድርገው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔ ያልኩት 4 ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሳቸው የሰሙት ጠዋቱን ነው። ልብስ ይቀይሩ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። ስድስት ሰዓት ሙሉ በነጠላቸው ተቀምጠው እኔ በረንዳው ላይ ፀሐይ ውስጥ ሎሚ ስጨምቅ፣ ጤና አዳም ስቀጥፍ፣ እንደገና ሎሚ ስጨምቅ እያዩ «ጥላ ውስጥ ግባ» ይሉኛል። ልጅ ደግሞ ይሰማል?

ግብዣው ሰመረ። ስልሳ ሚሊ ሊትር የበሶብላ ጂን፣ ግማሽ ሎሚ፣ በረዶ፤ በሶዳ ፈንታ ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁት አምቦ ውሃ። የአምቦው ጉልበት ብርጭቆውን ሲያስነጥሰው ጎረቤቴ «ይሄ ውሃ ተቆጥቷል እንዴ?» አለ። የጤና አዳሙን ሲቀምስ ዝም ብሎ ቆየና ስሙን ጠየቀኝ። የአዳም ጤና ማለት ነው አልኩት። ሁለተኛ ብርጭቆ ጠየቀ።

አክስቴ ከሁሉም በትንሿ ማንኪያ ቀምሰው አሳለፉ እንጂ አልጠጡም። ጎረቤቴ ባዶ እጃቸውን ማየት አልሆንልህ ብሎት ያለ ጂን ቶኒክ ውሃ በበረዶ አቀረበላቸው። አንድ ጊዜ ፉት አሉና ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ይሄማ የወባ መድኃኒት ነው!»

ጎረቤቴ ስተረጉምለት ሊያምን አልቻለም። አክስቴ በወጣትነታቸው አርባ ምንጭ አስተምረዋል፤ ያን ምሬት ምላሳቸው አልረሳውም። ቶኒክን መራራ የሚያደርገው ኪኒን ነው። ሕንድ የነበሩ እንግሊዞች ወባ ሲከላከሉ ምሬቱን ለመዋጥ በስኳር፣ በውሃና በጂን ያዳፍኑት ነበር ይባላል፤ ጂንና ቶኒክ የተጋቡት በወባ አስታራቂነት ነው። የዛሬው ቶኒክ ከስሙ በቀር መድኃኒትነት የለውም፤ እዚህ አገር ሕጉ በሊትር ከ83 ሚሊ ግራም ገደማ በላይ ኪኒን አይፈቅድም። እኛ ግን ለኪኒን ያለንን ፍቅር በቋንቋችን አስቀምጠነዋል፤ ለራስ ምታትም ይሁን ለደም ግፊት የምንውጠውን ሁሉ በእሱ ስም «ክኒን» እንላለን። አክስቴ ሦስት ብርጭቆ ጠጡ። ሜሪላንድ ውስጥ ወባ እንደሌለ ስነግራቸው «እንዲህ እየጠጡት እንዴት ይኖራል?» አሉኝ።

በሁለተኛው ቀን እጄ ቀላ፤ በሦስተኛው ውሃ ቋጠረ። ጣቶቼ ላይ የሎሚ ጭማቂ የወረደበት መንገድ ካርታ ላይ እንደተሣለ ወንዝ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሐኪሟ እጄን ገና እንዳየች «ፀሐይ ላይ ሎሚ ስትጨምቅ ነበር?» አለችኝ፤ ጠንቋይ መሰለችኝ። የሎሚ ልጣጭ ውስጥ ያለ ነገር ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል። ጤና አዳም ውስጥም ያው ነገር በብዛት አለ። እኔ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በሐምሌ ፀሐይ ሰብስቤያለሁ።

ቤት ተመልሼ «ጤና አዳም አቃጠለኝ፤ ስሙ ውሸት ነው» ብዬ አማረርኩ።

«ስሙ እውነት ነው» አሉ አክስቴ ቅባቱን እየቀቡኝ። «አዳም ገነት ውስጥ ጥላ ሥር ነበር። አንተን ግባ ብልህ እምቢ አልክ።»

ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው አክስቴን የማስተናገድ ተራ ለእህቴ ደረሰ። ቅዳሜ ማታ ቨርጂኒያ ልትወስዳቸው መጣች። እኔ በማግስቱ ጎረቤቴን ጠርቼ ነበር። አክስቴ ሻንጣቸውን ዘግተው ሲያበቁ ወደ ወጥ ቤት ገቡና የጥብስ ቅጠሉን በገዛ እጃቸው ጂኑ ውስጥ ከተቱልኝ። ዕቃው ላይ በፕላስተር አንዲት ወረቀት ለጠፉ፤ በአስተማሪ እጅ ጽሑፍ «ነገ 3 ሰዓት ላይ ይጥለል» ትላለች።

እሑድ ጠዋት ተነሥቼ ዕቃውን ሁለት ሦስት ጊዜ አየሁት። ቅጠሉ አምሮበታል፤ ሽታው ክዳኑን አልፎ ይጠራል። ላጥልለው እጄ ሄደ፤ ግን ወረቀቷን አየሁና ራሴን ገታሁ። ይህን በጋ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ሰዓት አከብራለሁ። ማጥለያውን አጥቤ፣ ነጠላ ጨርቅ ደርቤበት፣ ከዕቃው ፊት ለፊት ተቀምጬ ጠበቅሁ። ልክ 3 ሰዓት ከሰዓት ሲሆን፣ አንዲት ደቂቃ ሳላሳልፍ፣ አጠለልኩት።

ቀመስኩት። አፌ ውስጥ ጫካ ተቃጠለ።

ጎረቤቴ በሩን ሊያንኳኳ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ስልኬን አንሥቼ ቨርጂኒያ ደወልኩ።

«እቴቴ፣ መሮ ኮሶ ሆኗል!»

«ስንት ሰዓት ላይ አወጣኸው?»

«እንዳሉኝ ነው። ልክ በ3 ሰዓት።»

ስልኩ ውስጥ ጸጥ አሉ። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«በማን 3 ሰዓት?»

የአሜሪካን ኑሮ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን የኢሚግሬሽን ሰዎች እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም። ጣቴን ቆጠርኩ። ጠዋት እጄ የሄደበት ሰዓት ነበር ትክክለኛው።

«ስድስት ሰዓት አሳለፍኩበት» አልኩ።

«አይዞህ ልጄ» አሉ። ሲስቁ ይሰማኛል። «ያን ቀን እኔንም ነጠላዬን አስለብሰህ ስድስት ሰዓት አስጠብቀኸኛል። እኔ አልመረርኩም። እሱ ግን ቅጠል ነው።»